ድምሩ ልክ ነበር

ፎርሞቹ ወሎ፣ መካነ ሰላም የደረሱት የእርዳታ ስንዴ ጭኖ በመጣ መኪና ነው። ሾፌሩ ቡናማ ፖስታ ከመቀመጫው ሥር ጎትቶ አወጣና «የዘማቾቹ ጸሐፊ ማነው?» ብሎ ጠየቀ። እኔ ነኝ አልኩት። ጸሐፊ የሆንኩት የተለየ ችሎታ ኖሮኝ አልነበረም፤ ከጣቢያው ዘማቾች መካከል በአሥር ጣቱ ታይፕ መምታት የሚችል ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው። ፖስታውን ተቀብዬ ወዲያው አልከፈትኩትም። አገላበጥኩት፤ ተከፍቶ እንደገና የተለጠፈ እንደሆነ ለማየት ወደ ፀሐይ አነሣሁት። ሾፌሩ «ቦምብ መሰለህ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ተጠራጣሪነት አብሮኝ የተወለደ አመል ነው። እናቴ «ይኼ ልጅ ጡት ሲጠባ እንኳ አንድ ዓይኑን ገልጦ ነበር» ትለኛለች። በዚያ ዘመን ደግሞ አመልነቱ ቀርቶ ብልህነት መስሎ ነበር። ንጉሡ ከወረዱ ብዙም አልቆየም። ኮሌጆች ተዘግተው ተማሪው ለዘመቻ ካኪ ለብሶ ገጠር ገብቷል፤ እኛም ከወግዲ እስከ ማሻ፣ ከመካነ ሰላም እስከ ደጎሎ ተበትነን ገበሬውን በማኅበር እናደራጃለን፣ ፊደል እናስቆጥራለን፣ መጸዳጃ እንቆፍራለን። ትናንት «ረሃብ የሚባል ነገር የለም» ሲሉ የነበሩ ሰዎች ዛሬ መድረክ ላይ ወጥተው ስለ ረሃቡ ያለቅሳሉ። ከመካከላችን ሁለት ልጆች ስብሰባ ላይ በተናገሩት ነገር ተጠርተው ወደ ደሴ ሄዱና አልተመለሱም። ስማቸውን ማን እንደ ሰጠ አላወቅንም። ስላላወቅንም ሁላችን ሁላችንን እንጠረጥር ነበር።

ፖስታውን ክፍሌ ገብቼ ከፈትኩት። በስቴንስል የተባዙ አሥራ አራት ፎርሞችና አንድ ደብዳቤ ነበሩበት። ደብዳቤው በየኮሌጁ የሚሰጠውን የሂሳብና የስታቲስቲክስ ትምህርት ለማጥናት እንደ ተላከ ይገልጻል። በአካባቢው ያለን የሁለቱ ትምህርቶች ተማሪዎች እያንዳንዳችን ሞልተን፣ ፈርመን፣ ባንድነት እንድንመልስ ያዛል። ፎርሙ ስም ከነአባትና ከነአያት ይጠይቃል። ስንተኛ ዓመት እንደ ነበርን፣ የትኞቹን ኮርሶች እንደ ጨረስንና ምን እንደ ቀረን ይጠይቃል። ከዚያ «ትምህርትዎን ለመቀጠል ይፈልጋሉ? ካልፈለጉ ምክንያቱን ይግለጹ» ይላል። ከዚያም በትምህርቱ አሰጣጥ ላይ ያለንን አስተያየት። ከግርጌው ሐሰት የሞላ በሕግ እንደሚጠየቅ ተጽፏል።

የደብዳቤው የመጨረሻ መስመር «የምትሰጡት መልስ ወደ ትምህርታችሁ ስትመለሱ ይጠቅማችኋል» ይላል። እሷን መስመር ሦስት ጊዜ አነበብኳት። በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ አልኩ ለራሴ። ለጥናት ከሆነ የአያቴ ስም ምን ያደርግላቸዋል? «መቀጠል አልፈልግም» ያለውን ምክንያቱን ጽፎ እንዲፈርም የሚያደርግ ምን ዓይነት ጥናት ነው? ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ የሂሳብ ልብስ የለበሰ የስም ዝርዝር ነው።

የሂሳብና የስታቲስቲክስ ተማሪዎች የምንሰበሰበው በወር አንዴ፣ ሁሉም ዘማች ለስብሰባ መካነ ሰላም ሲመጣ ነው። ሁላችንም ያንድ ኮሌጅ ልጆች ነን። አሥራ ሁለታችን ሁለተኛ ዓመት ጨርሰን የዘመትን ነበርን፤ እኔም ከነሱ አንዱ ነኝ። አንዱ ገና የመጀመሪያ ዓመቱን አጋማሽ ያየ ልጅ ነው። አሥራ አራተኛው ደግሞ ጓደኛዬ ነው። ስታቲስቲክስ ያጠናል፤ ዲግሪውን ለመያዝ የቀረው አንድ መንፈቅ ብቻ ነበር።

ስለሱ መናገር አለብኝ። የማሻ ገጠር ልጅ ነው። አባቱ ሸህ ነበሩ፤ ጠዋት ጠዋት የመንደሩን ልጆች ቁርአን ያስቀራሉ፣ ሲረፍድ ሞፈራቸውን ይዘው እርሻ ይወርዳሉ። ረሃቡ በከፋበት ዓመት እህል የሚያድል ሰው መዝገብ ይዞ መንደሩ ደረሰና «ቤትዎ ስንት ነፍስ አለ?» አላቸው። በዚያ አገር ልጅ አይቆጠርም፤ የተቆጠረ ልጅ አይበረክትም ይባላል። ከዚያ በላይ ደግሞ መዝገብ ይዞ የመጣ ሰው ከዚያ በፊት ግብር ሊጥል እንጂ እህል ሊሰጥ መጥቶ አያውቅም። ሸሁ «ሦስት ነን» አሉ። ስድስት ነበሩ። የመጣው ስንዴም የሦስት ሰው ነበር። ጓደኛዬ ወሬው አዲስ አበባ ደርሶት አገሩ ሲገባ አባቱን፣ አያቱንና ትንሽ ወንድሙን ቀብረው ጠበቁት። እናቱ ሁለቱን ሴት ልጆች ይዘው መካነ ሰላም ወርደው፣ ባንድ ክፍል ቤት ጥጥ እየፈተሉ ልጃቸው ተመርቆ ሥራ የሚይዝበትን ቀን ይቆጥራሉ። እሳቸውም ሴቶቹም ሌላ የሚጠብቁት ነገር አልነበራቸውም።

በዚህ ምክንያት ጓደኛዬ በመዝገብ ላይ ውሸት ሲጻፍ አይወድም። ፎርሙን ሳሳየው ፊቱ በራ። «እንዲህ ያለ ጥናት ይሠራሉ ብዬ አላስብም ነበር። የስታቲስቲክስ ክፍሉን ተማሪ የለውም ብለው ሊዘጉት ያስቡ ነበር እኮ» አለኝ።

«ስም ለምን ፈለጉ?» አልኩት።

«ማን የቱን እንደ ጨረሰ ለማወቅ ነዋ።»

«አንተ የመጣብህ ክፉ አልታይህ ብሏል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ። አባቴም ጠርጥሮ ነበር። ምን እንዳተረፈ አንተም ታውቃለህ» አለኝ። ሐሳቤን ግን አልለወጥኩም።

የስብሰባው ዕለት ከምሳ በኋላ አሥራ አራታችን ከአንድ ክፍል ገብተን በር ዘጋን። ደብዳቤውን አነበብኩላቸውና የጠረጠርኩትን አንድ በአንድ ዘረዘርኩ። አነጋገሬ ይጥም እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ሰው ሲፈራ ማየት ለተናጋሪ ኃይል ይሰጠዋል። የወግዲዎቹ ልጆች «ፎርሙ ይቃጠል» አሉ። ሌሎች «ካልመለስን እምቢተኛ ብለው ይመዘግቡናል» አሉ። ጓደኛዬ ተነሥቶ «እውነቱን ሞልተን እንላከው። ቁጥሩ ከተዛባ ጥናቱም ይዛባል፤ ክፍሉን የሚዘጉት ያኔ ነው» አለ። አንዱ «አንተ ምን አለብህ፣ ልትመረቅ ነው» ብሎ ወረፈው።

ያን ጊዜ ነው ብልሃቷ የመጣችልኝ። ዛሬም ሳስባት ያማረች ብልሃት ነበረች፤ ከሂሳብ ተማሪ ራስ በቀር ከየትም አትወጣም። «ጥናት ከሆነ የሚፈልጉት ድምሩን ነው» አልኩ። «ስንት ሰው ይህን ኮርስ ጨረሰ፣ ስንት ሰው መቀጠል ይፈልጋል፣ ስንት ሰው አስተማሪው አይረባም አለ። እንግዲያው ሁላችንም እውነቱን እንሙላ። ከዚያ ስማችንን እንለዋወጥ። ያንዱ መልስ በሌላው ስም ይሂድ። ድምሩ ቅንጣት አይለወጥም፤ ጥናቱም አይበላሽም። ስም ፈልገው ከሆነ ግን የሚያገኙት ስም የማንም መልስ አይሆንም።»

ሁሉም ሳቁ። ሁሉም የኮሌጅ ሳቃቸውን ከካኪያቸው ሥር ያወጡት መሰለኝ። ጓደኛዬ ብቻ ግንባሩን ቋጠረ። «መልሱን ለድምር ብቻ ነው የሚፈልጉት ያለህ ማነው?» አለ።

«ደብዳቤው ጥናት ነው አለ። ወይ ጥናት ነው፣ ወይ አይደለም። ጥናት ከሆነ ድምሩ ይበቃዋል። ካልሆነ ደግሞ ስማችንን ማዳን አለብን። አንተ ራስህ አይደለህም እንዴ ነጠላው ሰው ስታቲስቲክስ ውስጥ ዋጋ የለውም ስትለኝ የከረምከው?»

በራሱ ትምህርት ያዝኩት። ስህተት ፈልጎ አጣ። «በሂሳቡ ልክ ነው» አለ በመጨረሻ። «ድምሩን ግን እኔ አረጋግጣለሁ።» ሌላው ሁሉ ከደገፈኝ በኋላ ብቻውን መቆም አልፈለገም። ለኔም አዘነልኝ መሰለኝ፤ ፍርሃቴ እውነተኛ ፍርሃት መሆኑን ያውቅ ነበር።

ለእያንዳንዳችን ከአንድ እስከ አሥራ አራት ቁጥር ሰጥተን፣ ቁጥሮቹን የጻፍንባቸውን ወረቀቶች ጠቅልለን ቆቤ ውስጥ ጨመርናቸው። ቆቡን የያዝኩት እኔ ነኝ። እያንዳንዱ እጁን እየሰደደ አወጣ፤ በስሙ የሚሄደው ቁጥሩ የወጣለት ሰው መልስ ነው፤ የራሱ ቁጥር የወጣበት መልሶ ይጥላል። ለጓደኛዬ የዚያ የመጀመሪያ ዓመት ልጅ ቁጥር ወጣለት። «ይኸው፣ ከእንግዲህ አልጀብራ አንድ እጀምራለሁ» ብሎ አሳቀን። እኔ የመጨረሻው ነበርኩ። ቆቡ ውስጥ የቀረችው አንዲት ወረቀት የጓደኛዬን ቁጥር ይዛ ነበር።

መልሶቹን ሁሉ ፎርሞቹ ላይ በታይፕ መታኋቸው። ጓደኛዬ እየረዳኝ ዓምድ በዓምድ ደመረ፤ አንድ ቦታ ተሳስቼ አገኘና አስደገመኝ። ከዚያ እያንዳንዱ በራሱ ስም ሥር፣ የራሱ ባልሆነ መልስ ላይ ፈረመ። ፖስታው በቀጣዩ መኪና ሄደ። እኔም ከረዥም ጊዜ በኋላ ደኅና እንቅልፍ ተኛሁ።

ዘመቻው ሲያበቃና ኮሌጁ ሲከፈት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ አገኘሁ። በየስሙ ትይዩ የሚገባበት ዓመት ተጽፏል። ስሜን ፈለግሁ። «አራተኛ ዓመት፣ ሁለተኛ መንፈቅ» ይላል። ወደ ታች የጓደኛዬን ስም ፈለግሁ። «አንደኛ ዓመት፣ ሁለተኛ መንፈቅ።»

በኋላ የተረዳሁት ነገር ቀላል ነው። ከውጭ አገር የመጡት አብዛኞቹ አስተማሪዎች በግርግሩ ጊዜ ውጤት ሳያስረክቡ አገራቸው ገብተዋል። የተማሪዎቹ ዶሴዎችም ከክፍል ወደ ክፍል ሲጋዙ ግማሹ የገባበት ጠፍቷል። ማን የቱ ጋ እንደ ነበር የሚታወቅበት ሌላ መንገድ ስላልነበረ ተማሪውን ራሱን ጠየቁት። ያቺ ማጥመጃ ያልኳት የደብዳቤው የመጨረሻ መስመር እውነቷን ነበር።

አሥራ አንዱ የሁለተኛ ዓመት ልጆች እርስ በርስ ቢለዋወጡም ያው ሁለተኛ ዓመት ናቸው፤ ከነሱ መካከል አንዳቸውም አልተነካም። ያ የመጀመሪያ ዓመት ልጅ የሁለተኛ ዓመት ሰው መልስ ስለደረሰው ሳይማር አለፈ፤ አፉን ዘግቶ ገባ፤ አልፈረድኩበትም። ጓደኛዬ ግን ሦስት ዓመት ተወሰደበት። የሱን ቦታ የያዝኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ጓደኛዬ ቢሮ ገብቶ «ስህተት አለ» ብሎ ነበር። ጸሐፊዋ ፎርሙን አውጥታ «ፊርማው ያንተ አይደለም?» አለችው። ፊርማው የሱ ነው። የመለዋወጡን ነገር ቢናገር አሥራ ሦስት ሰው በሐሰት ይጠየቃል። ፎርሙን መልሶላት ወጣ። እኔ ይህን ሁሉ እያወቅሁ ዘጠኝ ቀን ተደበቅሁ። ከፎርሙ ግርጌ ያለው «በሕግ ይጠየቃል» የሚለው ቃል ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም። በአሥረኛው ቀን ማደሪያው ስሄድ ሻንጣውን ይዞ ወደ ወሎ ተሳፍሯል አሉኝ።

ያን ዕለት ጥናቱን የሚመሩት የኮሌጃችን መምህር ዘንድ ገባሁና ሁሉንም ነገርኳቸው። የሌሎቹን ስም ግን አልጠራሁም። መነጽራቸውን አውልቀው ትክ ብለው አዩኝ።

«የሂሳብ ተማሪ ሆናችሁ ይህን ሠራችሁ?» አሉኝ። አልጮኹብኝም፤ ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። «የምትጎዱት ራሳችሁን መሆኑ አልታያችሁም?»

«ድምሩ ልክ ነበር» አልኳቸው። ከአፌ የወጣው እሱ ነው፤ ዛሬም ያሳፍረኛል።

መምህሩ ደግ ሰው ነበሩ። «ልጁን አምጣው። የመጀመሪያው ፎርም የሱ መልስ እንዳልሆነ ጽፎ ይፈርምልኝ። ከዚያ ሁለት ሰዓት ሰሌዳ ላይ አቆመዋለሁ፤ አራተኛ ዓመት መሆኑን ለማወቅ ያ ይበቃኛል። ምዝገባው ሳይዘጋ ግን ድረሱልኝ» አሉ። ወረቀቱንም በእጃቸው ጽፈው ሰጡኝ።

መካነ ሰላም የደረስኩት በሦስተኛው ቀን ነው። ጓደኛዬን የእርዳታ እህል መጋዘን በር ላይ በሚዛን ስንዴ ሲመዝን አገኘሁት። አቀፈኝ፤ ግን እቅፉ ቶሎ ለቀቀኝ። እናቱ ቤት ወሰደኝ። እናቱ «አላህ ያምጣህ እንጂ፣ አብሽር ልጄ፣ ግባ» ብለው የተቆላ ባቄላ አቀረቡልኝ። ወረቀቱን አወጣሁና የመምህሩን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኩት።

አነበበው። እንደገና አነበበው። ወደ በሩ ዞሮ በብርሃን አየው። እኔ ፖስታውን ወደ ፀሐይ ያነሣሁበት አያያዝ ራሱ ነበር።

«ይኼ ወረቀት ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ሐሰት ሞልቼ ነበር ይላል» አለኝ። «ፈርሜበት ስሰጥህ ማን ዘንድ ይቀመጣል?»

«መምህሩ ዘንድ። ሰውየው ደግ ነው።»

«መምህሩ ነገ ቢነሡስ? ከሳቸው ቀጥሎ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ማን እንደሆነ ታውቃለህ?»

አላውቅም። በዚያ ወራት ማን የት ወንበር ላይ እንደሚያድር የሚያውቅ አልነበረም፤ ከኛ ዘማቾችም የታሰሩ ነበሩ። ተከራከርኩት። ለመንኩት። መጀመሪያውኑ እሱ ልክ እንደነበረ፣ እኔ እንደተሳሳትኩ ነገርኩት። እስክጨርስ ሰማኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ።

«ቆቡን የያዝከው አንተ ነበርክ፤ አይደለም?»

ዕጣውን ያጭበረበርኩ መስሎት ነበር። በእግዚአብሔር ማልኩ፣ በአባቴ አጥንት ማልኩ። ዕጣው የወጣው በሁሉም ፊት ነው አልኩ። የመጨረሻዋ ወረቀት ያንተ መሆኗ አጋጣሚ ነው አልኩ።

«አስልቼዋለሁ» አለኝ። «ያንተ እጅ ላይ የኔ ቁጥር የመውደቁ ዕድል ከአሥራ ሦስት አንድ ያህል ነው። ሊሆን ይችላል። አይሆንም አልልም።» ወረቀቱን በጥንቃቄ እንደ ነበረ አጥፎ መለሰልኝ። ቢሰድበኝ እመርጥ ነበር። ሰው በሂሳብ ሲጠረጥርህ የምትከራከርበት ቦታ የለህም።

ሌሊቱን እነሱው ጋ አደርኩ። ጠዋት ስነሣ ጓደኛዬ ወደ መጋዘኑ ሄዷል። ለኔ መልእክት አልተወም። እናቱ እስከ መኪናው መቆሚያ ሸኙኝ። መኪናው ሞተሩን ሲያስነሣ ክንዴን ያዙኝ።

«ያቺ ወረቀት፣ ትናንት ያልፈረማት፣» አሉኝ፤ «ትምህርቱን የምታስጨርሰው እሷ ናት አይደል?»

«አዎ እማማ።»

«ወላሂ፣ እኔ ልፈርምለት። ጣቴን ቀለም ነክሬ ላትምለት። እኔን ምን ያረጉኛል? እኔ አሮጊት ነኝ፤ የሚወስዱብኝ የለኝ።»

አውራ ጣታቸውን ዘረጉልኝ። ከጥጥ ፈትል ብዛት ለስልሶ ነጥቷል። የሳቸው ጣት እንደማይሠራ፣ የልጁ ፊርማ መሆን እንዳለበት ነገርኳቸው። «ታዲያ እስቲ አንተ አስረዳው» አሉኝ። «ጓደኛው አይደለህ? አንተን ያምንሀል።»

ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ። «እሺ እማማ» አልኩና ወጣሁ።

ኮሌጁ ተመልሼ መምህሩን ወደ ሦስተኛ ዓመት እንዲያወርዱኝ ጠየቅኋቸው። ወደ ታች ለመውረድ ማስረጃ አይጠየቅም፤ ያኑ ዕለት ጻፉልኝ። አራተኛ ዓመት ክፍል ውስጥ በጓደኛዬ መልስ የተያዘችው ቦታ ግን ማንም ሳይቀመጥባት መንፈቁ አለቀ።